ዳይፐር ሲወደድ፦ የሽንት ጨርቅን በትክክል መጠቀምና ማጠብ

ዛሬ የምናወራው ስለ ልጆቻችን መቀመጫ ነው። ርዕሱ ቀላል ሊመስላችሁ ይችላል፤ በተመላላሽ ክፍል ግን በየሳምንቱ ከማያቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

እናት ልጇን ታቅፋ ትመጣና "ዶክተር፣ ቆዳው ተላጠ። አለርጂ ነው መሰለኝ" ትለኛለች። አስተኝተን ስናየው መቀመጫው በርበሬ መስሏል፤ በጨርቅ ነካ ሲያደርጉት ይጮኻል። "ዳይፐሩን በቀን ስንት ጊዜ ትቀይሪለታለሽ?" ስላት መልሱ ቶሎ አይመጣም። "ያው... ሁለቴ። አንዳንዴ ሦስቴ።" አንዳንዷማ የረጠበውን ፀሐይ ላይ አድርቃ መልሳ እንደምታደርግለት በዝግታ ትነግረኛለች።

ይሄ ስንፍና አይደለም፤ የኑሮ ጉዳይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ምን ያህል እንደወጣ ሁላችንም እናውቃለን። መንገድ ሲዘጋጋ ደግሞ ባሕር ዳር ሱቆች ላይ የሚፈለገው ቁጥር ይጠፋል። ስለዚህ ወላጅ ያለችውን አንድ እሽግ ዳይፐር ለማቆየት ይሞክራል። ዋጋውን የሚከፍለው ግን የልጁ ቆዳ ነው።

መፍትሔው አዲስ ነገር አይደለም። እናቶቻችን እኛን ያሳደጉበት የሽንት ጨርቅ ነው። ግን ጨርቅም በትክክል ካልተያዘ ያቆስላል፤ በትክክል ካልታጠበ ደግሞ ለቤተሰብም ለጎረቤትም በሽታ ይተርፋል። ስለዚህ ዛሬ አንድ በአንድ እንየው።

🔴 ቆዳውን የሚያቆስለው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው "ፓምፐርሱ አልተስማማውም" ይላል። አንዳንዴ እውነት ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ የዳይፐሩ ዓይነት ሳይሆን የቆየበት ሰዓት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቆዳ ለረጅም ሰዓት ሲረጥብ ይለሰልሳል፣ በትንሽ መፈተግ ይላጣል። ሽንትና ሰገራ አብረው ሲቆዩ ደግሞ በሰገራው ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ሽንቱን ወደ አሞኒያ ይቀይሩታል (ያ ዓይን የሚቆጠቁጠው ሽታ እሱ ነው)። አሞኒያው በሰገራ ውስጥ ያሉትን ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞች ያነቃቃቸዋል፤ እነሱ ደግሞ የልጁን ቆዳ መብላት ይጀምራሉ። በአጭሩ፦ እርጥበት + ሰገራ + ሰዓት = ቁስለት።

ይህ ሽፍታ በብዛት የሚታየው ልጁ ከ9 እስከ 12 ወር ሲሆነው፣ ተቅማጥ ሲይዘው እና አንቲባዮቲክ ሲወስድ ነው።

🔴 ታዲያ የቱ ይሻላል? ጨርቅ ወይስ የሚጣል ዳይፐር?

እውነቱን ልንገራችሁ። የሚጣለው ዳይፐር ውስጡ ሽንትን ስቦ የሚይዝ ጄል ስላለው ቆዳውን ደረቅ አድርጎ በማቆየት ጎበዝ ነው። ጨርቅ ግን እርጥበቱን እዚያው ቆዳው ላይ ይዞት ይቀመጣል። ሆኖም "የሚጣለው ሽፍታን ይከላከላል ወይ?" በሚለው ላይ የተደረጉ ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2006 ተሰብስበው ሲገመገሙ፣ አንዱን ከሌላው ለማስበለጥ የሚበቃ ማስረጃ አልተገኘም።

ስለዚህ ጥያቄው "የቱ?" ሳይሆን "በስንት ሰዓቱ?" ነው። በቀን 8 ጊዜ የሚቀየር ጨርቅ በቀን 2 ጊዜ ከሚቀየር ውድ ዳይፐር ይሻላል። የጨርቅ ትልቁ ጥቅምም ይሄው ነው፦ በቀየራችሁ ቁጥር ኪሳችሁ አይጎዳም፣ ስለዚህ እጃችሁ አይሰስትም።

ሁሉንም በጨርቅ ማድረግ ግዴታ አይደለም። በቀን 5 የሚጣል ዳይፐር የሚጠቀም ልጅ በወር 150 ይፈጃል። ቀን ቤት ውስጥ ጨርቅ አድርጋችሁ፣ ለሌሊት ብቻ አንድ የሚጣል ብትጠቀሙ በወር 30 ይበቃችኋል። ታክሲ ስትሳፈሩ ወይም ክትባት ስትወስዱት ለምትፈልጉት ጥቂት ጨምሩበት። ለብዙ የከተማ ቤተሰብ የሚመቸው ይሄ ይመስለኛል።

የረጠበ የሚጣል ዳይፐርን አድርቆ መልሶ መጠቀም ግን በጭራሽ! ሽንቱ ቢደርቅም ጨዉና ባክቴሪያው እዚያው ነው፤ ጄሉም አንዴ ካበጠ በኋላ እንደ መጀመሪያው አይመጥም።

🔴 ምን ዓይነት ጨርቅ? ስንትስ ያስፈልጋል?

👉 ጥጥ ይሁን። ባሕር ዳር ሆነን የጥጥ ጨርቅ አይቸግረንም። የከተማችን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። የሚገርመው፣ አሜሪካ ውስጥ ፓምፐርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሙከራ ገበያ የወጣውም በዚያው ዓመት ነው። አቡጀዲ፣ ያረጀ የጥጥ አንሶላ፣ የሳሳ ነጠላ፣ የጥጥ ካኒቴራ ሁሉም ይሆናሉ። እንዲያውም ብዙ ጊዜ የታጠበ ጨርቅ ከአዲሱ የበለጠ ይለሰልሳል፣ ይመጣልም። አዲስ ከሆነ ግን ከመጠቀማችሁ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ እጠቡት። ፖሊስተር የበዛበት ጨርቅ ውሃ ስለማይመጥ አይሆንም።

👉 ስስና ሰፊ ይሁን። 70 በ70 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሆነ አራት ማዕዘን ጨርቅ ጥሩ ነው። ስስ የሆነውን ጨርቅ አጣጥፋችሁ ታወፍሩታላችሁ፤ ስታጥቡት ደግሞ ትዘረጉታላችሁ። ስለዚህ በደንብ ይነጻል፣ ቶሎም ይደርቃል። ደራርባችሁ ሰፍታችሁ ካወፈራችሁት መሃሉ ሳይደርቅ ይቀራል፣ ይሸታል።

👉 ብዛት፦ ለአራስ ልጅ ከ20 እስከ 24፣ ከስድስት ወር በላይ ለሆነው ከ12 እስከ 15 ይበቃል። ይህ በየቀኑ ማጠብ ከቻላችሁ ነው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ጥቂት ጨምሩ።

👉 አሁን በየሱቁ የሚሸጠው፣ ቁልፍ ያለውና ውስጡ የሚወጣ ንጣፍ ያለው የሚታጠብ ዳይፐርም ጥሩ ነው። ልብ በሉ፣ ንጣፉ እንደ ወለል መወልወያ ፎጣ የሚሻክር ከሆነ ኪሱ ውስጥ ብቻ ይግባ እንጂ የልጁን ቆዳ በቀጥታ አይንካ፤ ቆዳውን ያደርቀዋል። የውጨኛው ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን ደግሞ አይቀቀልም፣ አይተኮስም።

👉 በጨርቁ ላይ ፌስታል ማሰር ይቅር። ልብሱን ያድናል፣ ግን ልጁን በገዛ ሽንቱ እንፋሎት ይቀቅለዋል። ፌስታል በራሱም ለሕፃን የመታፈን አደጋ አለው።

🔴 እንዴት ይታሰር?

ጨርቁን ሦስት ማዕዘን አድርጋችሁ አጥፉት፣ መሃሉን በሌላ የታጠፈ ጨርቅ አወፍሩት። ወንድ ልጅ ከሆነ ውፍረቱ ወደ ፊት፣ ሴት ከሆነች ወደ መሃልና ወደ ኋላ ይሁን። ካሰራችሁት በኋላ በወገቡና በጨርቁ መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት።

✔ እትብቱ ላልወደቀ ልጅ ጨርቁን ከእምብርቱ በታች እጠፉት። ሽንት እምብርቱን እያረጠበ መዋል የለበትም። እምብርቱ ላይ ቅቤም ሆነ ሌላ የቤት ውስጥ ነገር አታድርጉ።

✔ መርፌ ቁልፍ የምትጠቀሙ ከሆነ ሁልጊዜ የራሳችሁን ጣት በመርፌውና በልጁ ቆዳ መካከል አስገቡ። ጨርቁን ቋጥሮ ማሰርም ይቻላል።

✔ እግሮቹን አቃንቶ አጥብቆ መጠቅለል ይቅር። በአራስ ቤት "እግሩ እንዲቀና" እየተባለ ልጁ እንደ ጧፍ ይጠቀለላል። የሕፃን ዳሌ ግን በትክክል የሚያድገው እግሮቹ እንደ እንቁራሪት እጥፍና ከፈት ሲሉ ነው። እግር ተቃንቶ ሲታሰር የዳሌው መገጣጠሚያ ከቦታው የመውለቅ ዕድሉ ይጨምራል። በዚህ በኩል እንዲያውም ወፈር ያለ የሽንት ጨርቅ እግሩን ከፈት ስለሚያደርግለት አይጎዳም።

🔴 በየስንት ሰዓቱ?

• አራስ ልጅ፦ በየሁለት ሰዓቱ እያዩ መቀየር
• ከፍ ያለ ልጅ፦ ቢበዛ በየሦስት ሰዓቱ
• ሰገራ ከወጣ፦ ወዲያውኑ፣ ሌሊትም ቢሆን

በቀየራችሁ ቁጥር ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ በቂ ነው። ሳሙና በየጊዜው አያስፈልግም። ሴት ልጅን ሁልጊዜ ከፊት ወደ ኋላ ጥረጉ፤ ሰገራ ወደ ሽንት መውጫዋ እንዳይሄድ ነው። የወንድ ልጅን ሸለፈት በግድ ወደ ኋላ አትሳቡ። ከዚያ አትፈትጉት፣ ነካ ነካ አድርጋችሁ አድርቁት። በቀን ጥቂት ጊዜ ደግሞ ሳይለብስ ይንፈራገጥ፣ አየር ያግኘው።

እናቶቻችን ልጁን በእግራቸው ላይ አስቀምጠው "ሽሽሽ" እያሉ ያሸኑታል አይደል? ልጁ ከእንቅልፉ ሲነሳና ከጠባ በኋላ መሞከሩ ጥሩ ልማድ ነው። የሚታጠበውን ጨርቅ ይቀንስላችኋል። ካልመጣለት ግን አታስገድዱት።

🔴 አስተጣጠብ (ይህን ሴቭ አድርጉት)

1️⃣ ሰገራውን ወዲያውኑ ሽንት ቤት ውስጥ አራግፉ። የቀረውን በጆግ ውሃ አውርዱት።

2️⃣ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁ። መጀመሪያውኑ በፈላ ውሃ ከነከራችሁት ቆሻሻው ጨርቁ ላይ ይይዛል። ለሽንት ብቻ የረጠበውም መለቅለቅ አለበት።

3️⃣ ማጠቢያ ሰዓት እስኪደርስ ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ ያለ ውሃ አስቀምጡት። ብዙ ሰው በውሃ ነክሮ ያሳድራል። ቤት ውስጥ የሚድህ ወይም የሚቆም ልጅ ካለ ግን ይህ አደገኛ ነው። ሕፃን በጭንቅላቱ ባልዲ ውስጥ ከወደቀ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ ሊሞት ይችላል። መንከር ግድ ከሆነ ክዳኑ የሚገጥም፣ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይሁን። ጨርቁ ከሁለት ቀን በላይ ሳይታጠብ አይቆይ።

4️⃣ እጅ በሚችለው ሙቅ ውሃና በሳሙና እሹት። የልጁን ጨርቅ ከሌላው የቤት ልብስ ለይታችሁ፣ ለብቻው በተመደበ ሳፋ እጠቡ። ኦሞ አታብዙ። ጠንከር ያለ ሽታ ያለውን ትታችሁ ተራ የልብስ ሳሙና መጠቀም ይቻላል።

5️⃣ ቢያንስ ሦስት ጊዜ አለቅልቁ። መጨረሻ ላይ ውሃው አረፋ የሌለው፣ ጨርቁ የማያሙለጨልጭ መሆን አለበት። የቀረ ሳሙና ሲረጥብ እንደገና ቆዳውን ያቃጥለዋል። "ጨርቅ አይስማማውም" ከሚባሉት ልጆች ብዙዎቹ ያልተስማማቸው ሳሙናው ነው።

6️⃣ ፀሐይ ላይ፣ ገመድ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁ። ፀሐይ በነፃ የተሰጠን ተሕዋሲያን ገዳይ ናት፤ የሰገራ እድፍንም ታነጣለች። መሬት ላይ፣ ሣር ላይ ወይም ቁጥቋጦ ላይ አታስጡ። በአፍሪካ እርጥብ ልብስና አፈር ላይ እንቁላል የሚጥሉ፣ እጫቸው የሰው ቆዳ ውስጥ የሚገባ ዝንቦች አሉ። የካውያ ሙቀት እንቁላሎቹን ይገድላቸዋል።

7️⃣ በሳምንት አንዴ፣ እንዲሁም ልጁ ተቅማጥ ወይም የፈንገስ ሽፍታ ሲኖረው፣ የታጠበውን የጥጥ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ቀቅሉት።

ከዚያ እጃችሁን በሳሙና! የምታጥበው ሞግዚትም ብትሆን፣ እህትም ብትሆን፣ ይህን ለሁሉም ንገሩ። አባቶች፣ እናንተም እጃችሁን አትሰብስቡ። አራስ ሚስታችሁ በቀን አሥር ጨርቅ ብቻዋን ማጠብ የለባትም። ሳፋ ወንድነት አይቀንስም።

🔴 "የሕፃን ሰገራ እኮ ንጹህ ነው"

ይህን አባባል ሳትሰሙት አትቀሩም። "ጡት ብቻ ነው የሚጠባው፣ ምን በሽታ አለው?" ይባላል። ስህተት ነው። የሕፃናት ሰገራ ሮታ ቫይረስን፣ ጃርዲያንና ሌሎች ተቅማጥ አምጪ ተሕዋሲያንን ሊይዝ ይችላል፤ ልጁ ደህና መስሎ እየታየም ጭምር። በነገራችን ላይ የሮታ ክትባት አገራችን ውስጥ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል፤ የ6ኛና የ10ኛ ሳምንት ቀጠሮ እንዳያልፋችሁ።

እኛ የጣና ልጆች ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት አለን። በጣና ዙሪያ የአንጀት ቢልሃርዚያ ከድሮ ጀምሮ የሚታወቅ በሽታ ነው። የሚተላለፈው እንዲህ ነው፦ የታመመ ሰው ሰገራ ውሃ ውስጥ ሲገባ እንቁላሉ ይፈለፈላል፤ ውሃ ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያ በዓይን የማይታይ እጭ ሆኖ ይወጣና ውሃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ሐይቁ ዳር ቆማ የሽንት ጨርቅ የምታጥብ እናት በሁለቱም በኩል አለችበት ማለት ነው። ሰገራውን ውሃው ውስጥ ትጨምራለች፤ በእግሯ ደግሞ እጩን ትቀበላለች። አጠገቧ ውሃ ውስጥ የሚጫወተው ትልቁ ልጇም እንደዚያው።

ዓባይ ከጣና የሚወጣው እዚሁ ባሕር ዳር ላይ ነው። 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ጢስ ዓባይ ይደርሳል። ዓባይ ማዶ ላይ ያራገፍነው ነገር እዚያው አይቀርም፤ ታች ያለው ሰውም ከዚያው ወንዝ ይቀዳል፣ ይታጠባል፣ ከብቱን ያጠጣል።

ሜዳ ላይ መጣሉም መፍትሔ አይሆንም። የዓይን ማዝን (ትራኮማን) ከልጅ ወደ ልጅ የምታመላልሰው ዝንብ የምትራባው መሬት ላይ በወደቀ የሰው ሰገራ ላይ ነው። አማራ ክልል ደግሞ በዓይን ማዝ ክፉኛ ከተጎዱ አካባቢዎች አንዱ ነው።

ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፦ ሰገራው ሽንት ቤት፣ ጨርቁ ቤት ውስጥ ሳፋ፣ እጣቢው ውሃም ሽንት ቤት። ለሐይቅና ለወንዝ፣ ለጉድጓድ ውሃም ቅርብ ቦታ አይደፋም። የሚጣል ዳይፐር የምትጠቀሙም ከሆነ ሰገራውን ሽንት ቤት አራግፋችሁ፣ ዳይፐሩን ጠቅልላችሁ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ስጡ። ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ከተጣለ አይበሰብስም፤ ጉድጓዱን ይሞላል፣ ሲመጠጥም ቱቦ ይዘጋል።

🔴 በጣም ጥንቃቄ የሚፈልጉ ነገሮች

❌ በረኪና በሽንት ላይ። በሽንት የረጠበ ጨርቅ ላይ በረኪና ስታፈሱ ከአሞኒያው ጋር ተዋህዶ ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል። ከኮምጣጤ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር መቀላቀልም እንደዚያው አደገኛ ነው። በረኪና በየቀኑ አያስፈልግም። ቤት ውስጥ ተቅማጥ ሲኖር ግን መጀመሪያ ጨርቁን አጥባችሁ በደንብ ካለቀለቃችሁ በኋላ፣ በ1 ሊትር ውሃ 2 የሻይ ማንኪያ (10 ሚሊ ሊትር) በረኪና አድርጋችሁ ለ30 ደቂቃ ንከሩት። ይህ መጠን 5 በመቶ ለሆነው በረኪና ነውና ጽሑፉን አንብቡ። ከዚያ በብዙ ውሃ አለቅልቁ። በር ወይም መስኮት ከፍታችሁ ሥሩ።

❌ ናፍታሊን። ያ ልብስ ብል እንዳይበላው ቁምሳጥን ውስጥ የሚቀመጠው ነጭ፣ ኃይለኛ ሽታ ያለው ኳስ። የመጀመሪያው ልጅ ጨርቅና ልብስ በናፍታሊን ተቀምጦ ለሁለተኛው ሲወጣ፣ ሽታው በቆዳና በትንፋሽ ወደ ሕፃኑ ይገባል። ጂ ስድስት ፒ ዲ የሚባል ኢንዛይም እጥረት ይዘው የሚወለዱ ልጆች ላይ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈራርሳል፤ ልጁ በጣም ቢጫ ይሆናል፣ ደሙ ይወርዳል፣ አንጎሉም ሊጎዳ ይችላል። ልጃችሁ ይህ እጥረት ይኑርበት አይኑርበት አስቀድማችሁ አታውቁም። ስለዚህ የሕፃን ዕቃ ባለበት ናፍታሊን አይኑር። ተቀምጦ የቆየ ካለ ደጋግማችሁ አጥባችሁ፣ ሽታው እስኪጠፋ ፀሐይና ነፋስ ላይ አውሉት።

❌ "ይነጣል፣ ይሸታል" ተብሎ የተሰጣችሁ ምንነቱ የማይታወቅ ኬሚካል። እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ጨቅላ ሕፃናት በድንገት ማላብ፣ ማተኮስና ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ጀመሩ፤ ሁለቱ ሞቱ። ሲመረመር ምክንያቱ የሽንት ጨርቃቸውና አንሶላቸው በመጨረሻው ልቅለቃ ላይ የተጨመረበት የልብስ ማጠቢያ ኬሚካል ሆኖ ተገኘ። በላብና በሽንት የረጠበ ቆዳ በጨርቁ ላይ የቀረውን ነገር ወደ ውስጥ ይስባል። ለዚህ ነው "አለቅልቁ፣ አለቅልቁ" የምለው።

❌ የልብስ ማለስለሻ። ጨርቁን በስብ ነገር ስለሚሸፍነው መምጠጡን ይቀንሳል፣ ሽቶውም ቆዳ ያስቆጣል።

❌ ፓውደር። ሲነሰነስ ብናኙ ወደ ልጁ ሳንባ ይገባል፤ ሽፍታም አያድንም።

🔴 ክረምት ሲመጣስ?

ከሰኔ እስከ መስከረም ባሕር ዳር ላይ ልብስ ማድረቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ግማሽ እርጥብ የሆነ ጨርቅ ማልበስ ለፈንገስ ግብዣ ነው። እነዚህን ሞክሩ፦

✔ ጠዋት በጊዜ አጥባችሁ አስጡ፤ ብዙ ጊዜ ዝናቡ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ነው።
✔ በደንብ ጨምቃችሁ፣ ከዚያ በደረቅ ፎጣ ጠቅልላችሁ እንደገና ጨምቁ።
✔ ቤት ውስጥ መስኮት አጠገብ ነፋስ በሚያገኘው ገመድ ላይ ሳትደራርቡ ዘርጉ። ከሰል ቤት ውስጥ አቀጣጥሎ ማድረቅ ግን በፍጹም! ጭሱ ባይታይም ጋዙ ይገድላል።
✔ መብራት ሲኖር በካውያ ጨርሱት። ከዚያ ቀዝቀዝ ሲል አልብሱት።
✔ በእነዚህ ወራት ተጨማሪ ጨርቅ ወይም ተጨማሪ የሚጣል ዳይፐር አዘጋጁ።

🔴 ጨርቁ የሚነግራችሁ ነገር

የጨርቅ አንድ ያልታወቀለት ጥቅም አለው፦ ልጁ መሽናቱን በእጃችሁ ታውቃላችሁ። የሚጣለው ዳይፐር ጥቂት ሽንትን ውጦ "ደረቅ ነው" ሊያሰኛችሁ ይችላል። "ወተቴ በቅቶት ይሆን?" ብላችሁ የምትጨነቁ እናቶች ቆርቆሮ ወተት ከመግዛታችሁ በፊት የረጠበውን ጨርቅ ቁጠሩ። ከተወለደ 5 ቀን ያለፈው ልጅ በ24 ሰዓት 6 እና ከዚያ በላይ ጊዜ በደንብ ካረጠበ፣ ሽንቱም ነጣ ያለ ከሆነ፣ ክብደቱም እየጨመረ ከሆነ፣ ወተቱ እየበቃው ነው።

ቶሎ ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱት ደግሞ፦
⚠ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ምንም አለመሽናት፣ በተለይ ተቅማጥ፣ ትውከት ወይም የጎደጎደ እርግብግቢት ካለ
⚠ ከ5ኛ ቀን በኋላ ጨርቁ ላይ የጡብ ቀለም ያለው እድፍ፤ ሽንቱ እንደወፈረ ያሳያል
⚠ ነጭ ወይም እንደ አመድ የገረጣ ሰገራ፤ የሐሞት መተላለፊያ ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል አይቆይም
⚠ ሰገራ ውስጥ ደም

🔴 ሽፍታው ከወጣስ?

ቀለል ያለው ሽፍታ መቀመጫው ላይና ጨርቁ በሚነካው ቦታ ይቀላል እንጂ ብሽሽቱ እጥፋት ውስጥ አይገባም። ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፣ በውሃ ብቻ አጽዱ፣ አየር ስጡት፣ ከዚያ ዚንክ ኦክሳይድ ያለው ቅባት ወይም ተራ ቫዝሊን ወፈር አድርጋችሁ ቀቡት። በየቀየራችሁ ቁጥር ቅባቱን ሙልጭ አድርጋችሁ አትፈትጉ፤ ቆሻሻውን ብቻ አንሡና ከላዩ ጨምሩ። ቅባቱ ጨርቁን እንዳይደፍን በመሃል አንድ ስስ የጥጥ ቁራጭ አንጥፉ። ብዙውን ጊዜ በሁለት ሦስት ቀን ይሻለዋል።

ደማቅ ቀይ ሆኖ ብሽሽቱ እጥፋት ውስጥ ከገባ፣ ዙሪያውን ደግሞ ትንንሽ ቀያይ ነጠብጣቦች ከበተነ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። በተለይ አንቲባዮቲክ ከወሰደ በኋላ ይመጣል። ይህ የራሱ መድኃኒት አለው፤ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

እባካችሁ ከፋርማሲ "ለሁሉም የሚሆን" ተብሎ የሚሰጥ፣ ስቴሮይድ የተቀላቀለበት ክሬም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትቀቡ። በዳይፐር ተሸፍኖ ያለ የሕፃን ቆዳ መድኃኒቱን ከሌላው ቦታ የበለጠ ይስባል። ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ፈንገሱን ያባብሰዋል፣ ወደ ደምም ሊገባ ይችላል።

ውኃ የቋጠረ ወይም መግል የያዘ ሽፍታ፣ ትኩሳት፣ መድማት፣ ከሦስት ቀን በላይ አለመሻል፣ ወይም ልጁ ከአንድ ወር በታች ሆኖ የቆሰለ ከሆነ ቤት ውስጥ አትሞክሩ፤ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ለማጠቃለል ያህል፦ ቶሎ ቀይሩ፤ ሰገራውን ሽንት ቤት ጣሉ፤ በደንብ አለቅልቁ፤ ፀሐይ ላይ አድርቁ። እነዚህ አራቱ ካሉ ከአሮጌ አንሶላ የተቀደደ ጨርቅም የልጃችሁን ቆዳ በደህና ያሳድጋል። ዳይፐር መግዛት ያቃታት እናት ካለች ደግሞ ቁምሳጥናችሁን ክፈቱ፤ የሳሳ ነጠላና አንሶላ ታጥቦ ለአራስ ጥሪ ይዞ ቢኬድ የሚያሳፍር ስጦታ አይደለም።

ለወለደች ወይም ልትወልድ ለተቃረበች እህታችሁ ሼር አድርጉላት። ልጆቻችንን ያሳድግልን።